እስረኛው ቡሎን

ድምፁ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። መኪናዋ ከአስፋልት ወርዳ የሰፈራችንን ኮብልስቶን ስትይዝ ከቀኙ የፊት ጎማ በላይ «ኳ» ይላል። አስፋልት ላይ ዝም። ፍሬን ስይዝ ዝም። መሪ ሳዞር አልፎ አልፎ። ኮብልስቶን ላይ ግን ድንጋይ በቆጠረች ቁጥር «ኳ፣ ኳ፣ ኳ»። ባለቤቴ «መኪናችን ጉንፋን ይዟታል» ትላለች። ትንሹ ልጄ ደግሞ ገና ከቅያሱ ስትታጠፍ ድምፁን ሰምቶ የግቢውን በር ይከፍትልኝ ጀመር። ክላክስ መንፋት ቀረልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ መኪና ድምፅ አስተያየት የሌለው ሰው አይገኝም። ነዳጅ ቀጂው «ሾክ ነው» አለኝ። ጎሚስታው ጎማውን እንኳ ሳይነካ «ሾክ ነው» አለ። ዕድሜ ልኩን ላዳ ሲነዳ የኖረ ጎረቤቴ የኮፈኑን ጥግ ሁለት ጊዜ በመዳፉ ተጭኖ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «አብቅቶለታል» ብሎ ፈረደ። ሦስት ምስክር ከተስማማ ምን ቀረኝ? ሜርካቶ ወረድኩና ከሶማሌ ተራ ሁለት አዲስ የፊት ሾክ ገዛሁ። ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴም ይህን ታነባለች።

መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ከእኔ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች ሊብሬዋ ብቻ የሚያውቅ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ካርቶን ኋላ ጭኜ ቄራ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ወሰድኳት። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ ግማሹ ጣሪያ አለው፣ ግማሹ ሰማይ ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። ከሃምሳ ዓመት በላይ መኪና ሥር ተኝተው ኖረዋል፤ አሁን ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ጀርባቸውን ለግንብ ሰጥተው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጆሮ ይሠራሉ። እጃቸው ማታ ማታ የሚማር አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።

የዚህች መኪና ፊት የተንጠለጠለበት አሠራር ቀላል ነው። ሾኩና ሞላው አንድ ላይ እንደ ምሰሶ ቆመው ታች የጎማውን እግር ይይዛሉ፣ ላይ ደግሞ ከመኪናዋ ገላ ጋር ይታሰራሉ። ሐሳቡ የአሜሪካዊው መሐንዲስ የኧርል ማክፈርሰን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀነራል ሞተርስ ውስጥ ሆኖ ለአንዲት ትንሽ መኪና ብሎ ደከመበት፤ መኪናዋ ሳትመረት ቀረች፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1947 ፎርድ ገባ። በ1950 ለሕዝብ የታዩት የእንግሊዞቹ ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር በዚህ ምሰሶ ላይ ቆመው ነበር የወጡት። የመጀመሪያዋ ኮሮላም በ1966 ስትወለድ ከፊት እንዲሁ ነበረች። ዛሬ ከተማችን ውስጥ ከሚርመሰመሱት የቤት መኪኖች አብዛኞቹ ፊታቸውን የተሸከሙት በዚሁ ብልሃት ነው።

ኮፈኑን ስትከፍት በግራና በቀኝ፣ ከሞተሩ ወዲያና ወዲህ፣ ክብ ጉብታ ታያለህ። በእያንዳንዱ ጉብታ አናት ላይ ሦስት ዳዶዎች አሉ። ከሥር፣ የምሰሶው የላይኛ መቀመጫ አለ፤ መሃሉ ላስቲክ የሆነ የብረት ሳህን ነው። ከሳህኑ ሦስት ጭንቅላት አልባ ቡሎኖች እንደ ጣት ተቀስረው በጉብታው ቀዳዳዎች ይወጣሉ፣ ዳዶዎቹም እነሱ ላይ ይጠብቃሉ። ሙሉውን የፊት ጥግ ከገላው ጋር የሚያያይዙት እነዚህ ሦስት የሌባ ጣት የማያህሉ ብረቶች ናቸው። ይህ ሁሉ ታሪክ የአንዱ ነው።

ልጁ ክሪክ ሰጥቶ አነሳት፣ ከሥር ደገፋት፣ ጎማውን አወጣ። የታችኞቹ ሁለት ወፋፍራም ቡሎኖች ዝገው ስለነበር ታገሉት። ከዚያ ወደ ላይ መጣ። የመጀመሪያው ዳዶ በቁልፍ ተፈታ። ሁለተኛውም በቁልፍ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሳቀ።

«አባባ፣ ይሄኛው በጣቴ ነው የወጣው!»

«ጥሩ፤ ጊዜ ቆጠብክ» አሉት ከበርጩማቸው፣ ሌላ መኪና እያዳመጡ።

ከዳዶው ሥር እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀይ ዱቄት ነበር። ልጁ በጨርቅ ጠረገው። እኔም አጠገቡ ቆሜ አየሁት፤ አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያ ዱቄትና ያ በጣት የወጣ ዳዶ አስቀድመው ነግረውናል። የሰማ አልነበረም።

ሞላውን ከሾኩ መለየት አደገኛ ሥራ ነው፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ስለዚህ አባባ ለዚያ ብቻ ተነሥተው ቆሙ። ሲያልቅ አዲሱ ሾክ አሮጌውን ሞላና አሮጌውን የላይኛ መቀመጫ ለብሶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጁ ሦስቱን ዳዶዎች በእጁ አስያዘ። አንዱን አጠበቀ። ሁለተኛውን አጠበቀ። ሦስተኛው ላይ ቁልፉን አንድ ሩብ ዙር ቢገፋው «ጥቅ» አለ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ደረቅ እንጨት እንደ መስበር። ቁልፉ ያለ ምንም ተቃውሞ ዞሮ ቀረ።

የልጁ ፊት ምን እንደመሰለ አልረሳውም። እኔ ግን ያን ጊዜ ፊቱን ሳይሆን መኪናዬን ነበር የማየው። «ምን አደረግከው? እንዲህ ነው የሚጠበቀው?» ብዬ ጮህኩበት። «ወላዲተ አምላክን፣ ገና መጠበቅ መጀመሩ ነው» አለ። አላመንኩትም። የያዘው ቁልፍ ከክንዴ ያጠረ መሆኑን አላየሁም።

አባባ እየተንከላወሱ መጡ። አልተቆጡም፣ አልጠየቁም። ዳዶውን ከነቁራጩ ከቁልፉ ውስጥ አራግፈው መዳፋቸው ላይ አደረጉና ወደ ፀሐዩ ዞሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በባዶ ዓይን አስጠግተው አዩት። ብዙ ቆዩ።

«ና እይ» አሉኝ በመጨረሻ።

የተሰበረው ብረት ፊት ሁለት ቀለም ነበረው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠቁሮ ቡናማ ሆኗል፤ ልስልስ ነው፣ ብዙ እጅ ያሻሸው አሮጌ ሳንቲም ይመስላል። የቀረው ጠርዝ ደግሞ ነጣ ያለ ግራጫ፣ እንደ ተሰበረ ስኳር የሚያብለጨልጭና የሚሻክር።

«ልጁን ተወው» አሉ። «ዛሬ የተሰበረችው ይቺ ነጯ ብቻ ናት። ጥቁሩ ተሰብሮ ከርሟል። ዝገት በአንድ ደቂቃ አይመጣም።»

ስለዚህ ቡሎኑ በግማሽ ገላው ብቻ ነበር የሚኖረው ማለት ነው። የልጁ ሩብ ዙር የጨረሰው ሌላው የጀመረውን ነው። ማነው ሌላው? ቅዳሜዬ እዚህ ላይ መልኩን ለወጠ፤ ሾክ ልቀይር የመጣሁት ሰውዬ የአሟሟት መርማሪ ሆንኩ።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። አባባ ይህን ጭንቅላት አልባ ቡሎን የሚጠሩት «ፕሪጆኔሮ» ብለው ነው፤ ከጣሊያን መካኒኮች ሥር ከተማሩ አሠልጣኞቻቸው የወረሱት ቃል። የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ እንደዚህ ነው፦ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ኮፈን። ዳዶ በአገሩ የመጫወቻ ዳይስም ማለት ነው። ማታ ቤት ገብቼ ፕሪጆኔሮን ፈለግሁ። ትርጉሙ «እስረኛ» ነው። ነገሩ ገባኝ፦ ተራ ቡሎን ከሁለቱም ወገን ይፈታል፣ ይሄኛው ግን አንድ ጫፉ ብረት ውስጥ ተጠርቅሞ ቀርቷል፤ እግሩ ታስሮ እጁን በመስኮት የሚያወጣ ሰው ነው። ቃሉን ወዲያው ወደድኩት፤ እጁ የተቆረጠ እስረኛ እንዳለኝ እስካስታውስ ድረስ።

ወደ ግቢው ልመለስ። ልጁ ጥፋተኛ አለመሆኑ ቢነገረውም መካስ ፈለገ፤ «በያጁን ልጥራው? አዲስ ቡሎን አናቱ ላይ ይለጥፍልናል» አለ። አባባ እጃቸውን አወዛወዙ። መቀመጫው መሃል ላስቲክ ነው፤ የብየዳ እሳት ከጎኑ ሲነድ ላስቲኩ ይቃጠላል። ብረቱም ቢሆን ጥንካሬውን ያገኘው በልኩ ግሎ በልኩ በመቀዝቀዙ ነው፤ ያን ልክ የብየዳ ሙቀት ያፈርሰዋል። «የሚይዝ ይመስልሃል፤ ቃሊቲ ላይ ይለቅሃል።» ዘይት ሊያስቀይር የመጣ አንድ ሰው ደግሞ ጠጋ ብሎ «ሁለቱ ደህና አይደሉ እንዴ? ሁለቱ ይይዙታል» አለ። አባባ ሰውየውን አዩትና «ቤትህ ስንት ጉልቻ አለ?» አሉት። ሰውየው ሳቀና ወደ ዘይቱ ተመለሰ።

ከዚያ ያደረጉትን ነገር ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። ምሰሶው ተመልሶ ወረደ፣ መቀመጫው ተለይቶ ወጣ። የተረፉት ሁለት ቡሎኖች ሲያዩአቸው ጤነኛ ናቸው። አባባ በሽቦ ብሩሽ አስፈገፈጉዋቸውና በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ላምባ አስደርገው ነከሩዋቸው። ሻይ ጠጣን። ከጣሳው ወጥተው ደረቅ እስኪሉ ተጠረጉ። «ጠመኔ አለህ?» አሉት ልጁን። ከማታ ትምህርት ቦርሳው ነጭ ጠመኔ አመጣ። ፈጭተው፣ ዱቄቱን በጣታቸው በቡሎኖቹ ዙሪያ ቀቡና ጥላ ሥር አስቀመጡት።

«ምን እንጠብቃለን?»

«እሱ ራሱ ይናገራል።»

አንደኛው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሁለተኛው ላይ ግን፣ ጥርሱ ከሚጀምርበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጠመኔው ላይ ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ብቅ አለ። ፀጉር የመሰለች። ስናያት እየረዘመች ግማሽ ክብ ሆነች። የተነከረው ላምባ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ፣ ደረቅ ጠመኔ ሲያገኝ እየተሳበ መውጣቱ ነው። የባቡር ሠራተኞች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የባቡር ብረቶችን የሚመረምሩት በዘይትና በነጭ ዱቄት እንዲሁ እንደነበር በኋላ ተረዳሁ። አባባ ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ከማን እንዳገኙት ስጠይቃቸው «ከሚያውቅ» አሉኝ።

ያቺ መስመር ነገሩን ዘጋችው፤ ሁለተኛውን ቡሎን ያን ቀን ማንም ከልኩ በላይ አላጠበቀውም፣ እሱም ግን ሊሰበር መንገድ ጀምሯል። ልጁ ነፃ ወጣ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ምሳም ጋበዝኩት፣ ይቅርታው ግን ከሽሮው በፊት ነበር።

እሑድ ቁራጩን በመሃረብ ጠቅልዬ ማኅበር ይዤው ሄድኩ። ከማኅበርተኞቻችን አንዱ ስለ ብረት ባሕርይ ብዙ ዘመን ያስተማረ ሰው ነው። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ቁራጩን በትሪው ጠርዝ ላይ አደረግሁለት። አጉሊ መነጽር አስመጣ። አየና ለእኔም ሰጠኝ። በጥቁሩ ክፍል ላይ፣ በባዶ ዓይን ልስልስ በመሰለኝ ላይ፣ ከአንድ ጥግ ተነሥተው እየሰፉ የሚሄዱ ቀጫጭን ቅስቶች አሉ። ላንጋኖ ዳር ማዕበሉ እየሸሸ አሸዋው ላይ ትቶት የሚሄደውን መስመር አይተህ ታውቃለህ? ልክ እሱን ነው። «ስንጥቁ የተኛባቸው ቦታዎች ናቸው» አለኝ። «ትንሽ ይሄዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሄዳል። ብረት ይደክማል።»

ድካም ነው ስሙ። ሰው ይህን ድካም በቁም ነገር ማየት የጀመረው ባቡር ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ የሚመለስ ባቡር ሜዶን አካባቢ የአንዱ ሎኮሞቲቭ የጎማ ዘንግ ተሰብሮ ተገለበጠና ተቃጠለ፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ዓለምን የዞረው መርከበኛ ዱሞን ዱርቪል ከነባለቤቱና ከነልጁ ከሟቾቹ መካከል ነበር። በዓመቱ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራንኪን የተሰበሩ የባቡር ዘንጎችን እየመረመረ ስብራቱ ቀስ በቀስ ከጠርዝ ወደ መሃል እንደሚገባ ጻፈ። ከእሱ በኋላ አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ ዓመታት ፈጅቶ ዘንጎችን በመሣሪያ እያሽከረከረ፣ እያጎበጠ፣ ስንት ዙር ላይ እንደሚሰበሩ ቆጠረ። ያገኘው ነገር ያኔ ለመሐንዲሶች አስደንጋጭ ነበር፦ አንድ ጊዜ ቢጭኑበት ችላ የሚለው ቀላል ጭነት፣ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ብረቱን ይገድለዋል። በሌላ በኩል ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ ብረቱ የመመላለሱን ብዛት ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

የሰፈሬን ኮብልስቶን አሰብኩት። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ቅያስ ስንት ድንጋይ?

«ግን» አለ ማኅበርተኛዬ፣ መነጽሩን እያወለቀ፣ «ጠብቆ የኖረ ቡሎን እንዲህ አይደክምም። አንተ የምትጠይቀው ለምን ተሰበረ ብለህ ነው። ለምን ላላ ብለህ ጠይቅ።»

ያስረዳኝም እንዲህ ነው። ቡሎን ስታጠብቀው ይለጠጣል። ዓይን ባያየውም ሞላ ነው፤ ተለጥጦ ሊመለስ ሲታገል ሁለቱን ብረቶች ይጨብጣቸዋል። ሮበርት ሁክ በ1678 ስለ ሞላ የጻፈው፣ የመለጠጡ ልክ ከኃይሉ ልክ ጋር አብሮ ይሄዳል የሚለው፣ ቡሎን ላይም ይሠራል። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ ቡሎን በልኩ ሲጠብቅ ከ1 ቶን ተኩል በላይ ይጨብጣል። ጨብጡ እስካለ ድረስ መንገዱ የሚያመጣውን ንቅንቅ አብዛኛውን የሚችሉት የተጨበጡት ብረቶች ናቸው፣ ቡሎኑ ብዙም አይሰማው። ሲላላ ግን ምቱ ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል፤ ይጎብጣል፣ ይቃናል፣ ይጎብጣል። አህያ ላይ ጠብቆ የታሰረ ጭነት ገመዱን አይበላውም። የላላ ጭነት ነው ገመድ የሚበጥሰው። ያ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄትም ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፦ የላሉ ብረቶች እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚወጣ የብረት ዱቄት ነው፣ ወዲያው የሚዝግ።

ስንጥቁ የት እንደጀመረም ሳይገርመኝ አላለፈም። ዳዶ ውስጥ ብዙ ጥርሶች ቢኖሩም ጭነቱን እኩል አይካፈሉትም፤ ወደ ሥር ያለው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን ሲሶ ያህሉን ይሸከማል። የእኔም የተሰበረው እዚያው ላይ ነበር። መክፈል የማይወዱ ሰዎች ማኅበር ዓይነት ነው።

ሰኞ ወደ ቄራ ተመለስኩና የማኅበሩን ጥያቄ ለአባባ አቀረብኩላቸው። ለምን ላላ? አባባ መልስ ሳይሰጡ መቀመጫውን ገልብጠው ሰጡኝ። የላይኛው ፊቱ፣ ከመኪናዋ ገላ ጋር የሚጋጠመው፣ ጥቁር ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ቧጠጡት፤ ቆዳ እንደ መግፈፍ ተላጠ። ሬንጅ የመሰለ ቅብ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ከሥር ተጨፍልቆ እንደ ቅቤ የወጣ ደረቅ ከንፈር አለው። ከገላው ወገን ያለውንም አዩ፤ ያው ጥቁር፣ ሦስት የቀዳዳ ክብ የታተመበት።

«እዚህ ምን ይሠራል? ይህን ማን ቀባው?» አሉ።

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስለማውቅ ነው።

ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ ፊቷ ተገጭታ ባትላሜራ ገብታ ነበር። ምሰሶዎቹ ወጥተው፣ የጎማ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ደረስኩ። ዝገት እፈራለሁ፤ ሐምሌ እየመጣ ነበር። «ከሥር ያለውን ሁሉ ሬንጅ ቀቡልኝ፣ ምንም ቦታ እንዳታስቀሩ» አልኳቸው። ቀቢው፣ መርቆ ያሳድገው፣ «የመቀመጫዋን ቦታ በወረቀት ልሸፍናት?» ብሎ ጠይቆኛል። ሰነፍ መሰለኝ። «ለምን? እዚያ ዝገት አይገባም?» ብዬ መለስኩለት። ወፍራም አድርጎ ቀባልኝ፤ በደንብ ሳይደርቅ ተገጠመ። የነገርኩትን ያደረገ ሰው ላይ ምን እላለሁ?

ለማኅበርተኛዬ ስልክ ደወልኩ። ሳቀ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ሲያሰላ ድምፁ ይሰማኛል። በእኔ መኪና ዓይነት ቀጭን መጋጠሚያ ላይ ቡሎኑ በሙሉ ኃይሉ ሲጠብቅ የሚለጠጠው 2 መቶኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም አለኝ። የሰው ፀጉር ውፍረት ሩብ ያህል ነው። ያ አንድ ቶን ተኩል ጨብጥ የተቀመጠው በዚያች ሩብ ፀጉር ውስጥ ነው። መሃል ላይ የገባው ሬንጅ በሞተሩ ሙቀት ለስልሶ ሩብ ፀጉር ያህል ወደ ጎን ቢሸሽ፣ ዳዶው አንዲት ጭረት ሳይዞር ጨብጡ በሙሉ ይጠፋል። የእኔ ሬንጅ የሸሸው ደግሞ የእንጀራ ዓይን በሚሞላ ልክ ነበር። ከዝገት ላድናት የቀባሁት ነው ቡሎኑን ያስበላው።

የቀረው ጥገናው ነው፤ እሱም የራሱ ጣጣ ነበረው። አዲስ መቀመጫ ለዚህች መኪና ፍለጋ ግማሽ ቀን ሶማሌ ተራን ዞርኩ። ያገኘኋቸው አሮጌዎች ላስቲካቸው የተሰነጠቀ ነው፤ የእኛ ላስቲክ ይሻላል። አንድ ቶርኖ ቤት «ቡሎኑን እኛ እናወጣልሃለን፣ እንደ መጀመሪያው አድርገን» አለኝ፤ በደስታ ለአባባ ደወልኩ። «ከምን ብረት?» አሉኝ። ጠየቅሁ። ባለሙያው ጥግ ላይ የተደገፈ ክብ ብረት አሳየኝ። «ተመለስ» አሉኝ አባባ። ብረት በመልኩ አይታወቅም። ደህና ቡሎን ላይ ቁጥር ይታተማል፤ 8.8 የሚል ካየህ የመጀመሪያው 8 በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 80 ኪሎ ገደማ ሲጎትቱት እንደሚበጠስ ይናገራል፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 ደግሞ የዚያን 80 በመቶ እስኪደርስ ሳይበላሽ ተለጥጦ ይመለሳል ማለት ነው። ጥግ ላይ የተደገፈው ብረት ምንም አይናገርም።

በመጨረሻ ልካቸው የገጠመ፣ ቁጥር ያላቸው፣ አንገታቸው ላይ እንደ ሹሩባ የተሸነተረ ሦስት አዲስ እስረኞች ገዛሁ። ሽንትሩ ከቀዳዳው በጥቂቱ ይወፍራል፤ ተጨንቆ ሲገባ ብረቱን ይነክስና ከዚያ ወዲያ አይዞርም። አሮጌዎቹ በሞርሳ ተገፍተው ወጡ። ጤነኛውም ወጣ፤ ሁለት ጓደኞቹ የደከሙበትን ሥራ እሱም ሲሠራ ነበርና። አዲሶቹ ከሥራቸው ቁራጭ ቱቦ ተደግፎላቸው፣ ያለ መዶሻ፣ በሞርሳው ጥርስ ቀስ እየተባሉ ገቡ። ልጁ ራሱ ነበር የሠራው። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው፣ ሽንትሩ ሲነክስ የሚሰማውን ጩኸት እየሰሙ «በቃ» ወይም «ገና» ብቻ ይላሉ።

ከዚያ ሬንጁ። ሁለቱም ፊት ቤንዚን በነካ ጨርቅና በሽቦ ብሩሽ ባዶ ብረት እስኪሆን ተፋቀ። ስስ ቀለም ብቻ ተቀብቶ ሙሉ ቀን ደረቀ። ሲገጠም ልጁ ሦስቱን ተራ በተራ፣ እየተዘዋወረ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቃቸው፤ መጨረሻውን አባባ ከሣጥን ባወጡት ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ ጨረሰ። ቁልፉ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። «ቀጭ» ባለ ቁጥር፣ ሦስት ጊዜ፣ ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላልኩም።

በግራው ወገን ያው ጥቁር ሬንጅ ነበር፤ ዳዶዎቹ ከሚገባው በታች ላልተዋል፣ ጠመኔው ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሬንጁን ፋቅንና ዳዶዎቹን መልሰን አሰርናቸው።

ማታ ቅያሱን ገብቼ ኮብልስቶኑን ያዝኩ። ምንም። የግቢው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ልጄ አልሰማም፤ ክላክስ ነፋሁ።

በሳምንቱ ሂሳብ ልዘጋ ስሄድ አባባ አውጥተው ጥግ ያኖሩዋቸውን ሁለት አሮጌ ሾኮች እንዳመጣ አዘዙኝ። አንዱን መሬት ላይ አቁመው ዘንጉን በሁለት እጃቸው ተጫኑት። እየከበደ፣ ሳይዘል፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ለቀቁት፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ። የዘይት ጠብታ የለም። አባባ ወደ እኔ ሳያዩ «እነዚህ ምን ሆነው ነው የቀየርካቸው?» አሉኝ።

ከወር በኋላ ዳዶዎቹ በዚያው ቁልፍ ተፈትሸዋል፤ ስድስቱም ባሉበት ናቸው። አሮጌዎቹ ሾኮች ጓዳችን ውስጥ ከአልጋ ሥር አሉ። ሻጩ የተገጠመ ዕቃ አይመልስም፤ እኔም ደህና የነበሩትን ማውለቄን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ዲኤክስ ያለህ፣ ሾክህ በእውነት ያለቀብህ ካለህ መጥተህ ውሰዳቸው። መጀመሪያ ግን ኮፈንህን ክፈትና ሦስቱን ዳዶዎች በጣትህ ሞክራቸው።